ተሸናፊ ይነሳል

ግንቦት 23 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ እንቅልፍ ጣለኝ። ሰዓቱን እርግጠኛ የሆንኩት ክንዴን ዓይኔ ላይ ጋርጄ ስለተጋደምኩ፣ መጨረሻ ያየሁት ነገር የእጅ ሰዓቴ ስለነበረ ነው። በግንቦት፣ በዚያ ሰዓት፣ ድሬዳዋ ላይ የሚሠራ ሰው የለም። ሱቅ ይዘጋል፣ ውሻ ባጃጅ ሥር ይገባል፣ ሰው ባለበት ጋደም ይላል። እህቴን ሶስናን ከቀበርን ሦስተኛ ቀናችን ነበር። እስከዚያ ድረስ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም። ያን ዕለት ግን መጣ፤ ሲመጣም ይህን ሕልም ይዞ መጣ።

በሕልሜ ድሬዳዋ በርዷት ነበር። ፀሐይዋ አናት ላይ ሆና ብርድ ታወርድ ነበር፤ ሰዉ ጋቢ ተከናንቦ ሙቀት ፍለጋ ጥላ ሥር ይሻማል። የከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥሮቻቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ቅጠላቸውን መሬት ውስጥ ቀብረዋል። ደቻቱ፣ ያ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ብቻ የሆነው ወንዝ፣ ሞልቶ ወደ ተራራው ሽቅብ ይፈሳል። የባጃጅ ሹፌሮች ከኋላ እግራቸውን አነባብረው ተቀምጠዋል፤ የሚነዳው ተሳፋሪው ነው። አንዱ ሹፌር የተሳፋሪውን ትከሻ መታ መታ አደረገና "ወራጅ አለ" ብሎ ወርዶ ሄደ። ተሳፋሪው ባጃጁን ታቅፎ ግራ ገብቶት ቀረ።

ቀበሌው በር ላይ ረጅም ሰልፍ ነበር። የተሰለፉት ሠራተኞቹ ናቸው። ውስጥ፣ ከጠረጴዛው ኋላ፣ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ሴትዮ ተቀምጣለች። ሊቀመንበሩ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ከጠዋት ጀምሮ እንደቆመ፣ ልጆቹም እቤት እንደሚጠብቁት ነገራት። ሴትየዋ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም።

"ፎቶህ ላይ ጆሮህ አይታይም" አለችው። "ደግሞ ሲስተም የለም። ነገ ተመለስ።"

መንገዱ ላይ ፍየሎች ሁለት ሁለት እየሆኑ መታወቂያ ይፈትሹ ነበር። አንዷ አስቆመችኝ። መታወቂያዬን ተቀብላ ፊቱን አየችው፣ ጀርባውን አየችው፣ ከዚያ በላችው።

"ትክክለኛ ነው" አለች እያኘከች። "እለፍ።"

ወዴት እንደምሄድ አልጠየቅኩም። እግሬ ያውቀዋል። ያለፍኩት ወደ መጋላ ሰፈር፣ ወደ አብዶሽ ጌም ቤት ነበር።

አብዶሽን ለማያውቅ ሰው ትንሽ መናገር ያስፈልጋል። በ1985 ዓ.ም. አብዶሽ ከጅቡቲ በባቡር አንድ ማሽን አስመጣ። ቁመቱ ቁም ሳጥን ያህላል፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል። ሲፈታ ደረቱ ላይ መስታወት፣ ከመስታወቱ በታች ሁለት መዘውርና ጥቂት ቁልፎች አሉት። ስሙ በእንግሊዝኛ ተጽፎበት ነበር፤ ግን ግማሹ ተፋፍቆ ስለደረሰን እኛ "ቦክሱ" ብቻ ነው ያልነው። ሳንቲም ስትከትበት የመስታወቱ ውስጥ ያበራና ቦክሰኞች ይወጣሉ። ስማቸውን ማንበብ ስላልቻልን እኛው አወጣንላቸው። አንዱ ቀይ ቁምጣ፣ ሌላው ጢሞ። ሰው ሰውን ካሸነፈ በኋላ መጨረሻ ላይ ጢሞ ይመጣል፤ እሱን የሚያንቀሳቅሰው ማሽኑ ራሱ ነው። ጢሙ እንደ ጫማ ብሩሽ ነበር፤ ጠቅላላ የመጋላ ጎረምሳ ፊት ለፊቱ ቆሞ ተዘርሯል።

የአብዶሽ ቤት አንድ ሕግ ብቻ ነበረው፤ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ጽፎታል፦ ተሸናፊ ይነሳል። ማሽኑ ፊት ለፊት ሁለት የለስላሳ ሳጥኖች ተደፍተው ይቀመጣሉ። ሁለት ሰው ይጋጠማል። የተሸነፈው ተነስቶ ለተረኛ ይለቃል፣ ያሸነፈው እስኪሸነፍ ይቀመጣል። ትልቅ የለም፣ ትንሽ የለም፣ የማን ልጅ ነህ የለም።

ሶስና ያኔ አስራ አምስት ዓመቷ ነበር። ጌም ቤት ሴት ልጅ አይገባም። ማንም አልከለከለም፤ ገብታ የምታውቅ ስለሌለች ነው። እኔን ልትጠራ መጥታ በር ላይ ቆማ አየች። በማግስቱ ገባች። በሳምንቱ የሚያስነሳት ጠፋ። ሌሎቻችን ጢሞ ሲመጣ ቁልፍ እንደ እብድ እንቀጠቅጥ ነበር፤ እሷ እጇን አሳርፋ ጢሙን ታያለች። ሊመታ ሲል የጢሙ ጫፍ ትንሽ ብድግ ይላል። እሷ ያን ትጠብቃለች፤ ብድግ ሲል ዝቅ ትላለች፣ ከዚያ ከሥር አንድ ጊዜ ብቻ ታሳርፍበታለች። ጢሞ እንደ ግንድ ይወድቃል። የጌም ቤቱ ሰው ሁሉ አብሮ ዝቅ ይልና አብሮ ይነሳል።

አባታችን የምድር ባቡር ሜካኒክ ነበር። ወሬው ጋራዡ ድረስ ደረሰው። አንድ ቀን ከሥራ እንደወጣ፣ ግሪሱ ከእጁ ሳይለቅ፣ ቀበቶውን ፈትቶ መጣ። ሶስና ሳጥኗ ላይ ተቀምጣለች። ልጆቹ መንገድ ለቀቁለት። አብዶሽ ግን ከቦታው ሳይነሳ ግድግዳውን አሳየው።

"አቦ፣ እዚህ ቤት ሰው የሚነሳው ሲሸነፍ ነው" አለው። "ማስነሳት ከፈለግክ ተቀመጥ።"

አባዬ ሕግ የሚያከብር ሰው ነበር። ተቀመጠ። ቀበቶውን አንገቱ ላይ አድርጎ መዘውሩን እንደ ፍሬን በሁለት እጁ ጨበጠው። ሶስና አላዘነችለትም፤ ወዲያው ዘረረችው። ተነሳ፣ ሱሪውን አራገፈ፣ ቀበቶውን አስገባና ወደ ቤት ሄደ። ለእናቴ የነገራት ልጅቷ ስትጨርስ እንደምትመጣ ብቻ ነው። እውነትም ፀሐይ ስትጠልቅ መጣች።

ኋላ ትልቁ ማሽን መስታወቱ ጨለመና ቀረ። አብዶሽ ከቴሌቪዥን ጋር የሚሰካ ትንሽ ጌም አመጣ፤ ያው ቦክስ በካሴት ሆኖ መጣ። ካሴቱ አልነሳ ሲል አውጥተን እፍ እንልበታለን፣ መልሰን እንከተዋለን። ጢሞም አነሰ፣ ድምፁም ቀጠነ፣ ጢሙ ግን ያው ነበር። ሶስና ያንንም ጣለችው።

ወደ ሕልሜ ልመለስ።

አብዶሽ የገዛ ጌም ቤቱ በር ላይ ቆሞ እንዲያስገቡት ይለምን ነበር። ከውስጥ ትንንሽ ልጆች እየወጡ ሂድ ትምህርትህን አጥና እያሉ ይመልሱታል። ሲያየኝ እጄን ያዘኝ።

"ዮፍቲ፣ እህትህ ውስጥ ናት" አለኝ።

"ቤቱ ውስጥ?"

"ሳጥኑ ውስጥ።"

ግድግዳውን ቀና ብዬ አየሁ። ጽሑፉ ተቀይሯል። አሸናፊ ይነሳል ይላል። አብዶሽ አስረዳኝ። እዚህ ያሸነፈ ተነስቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ የተሸነፈ እዚያው መስታወቱ ውስጥ ይቀራል። እኔም ሳቅኩ። እንግዲያውስ ሶስና እስካሁን ምን ትሠራለች፣ እሷን ማን ያሸንፋታል አልኩት።

"እሱ እኮ ነው ችግሩ" አለኝ። "የገባውን ሁሉ እየተሸነፈች ትሸኛለች። አንድ አሮጊት ገቡ፣ ወደቀችላቸውና ሄዱ። አንድ ወታደር ገባ፣ ወደቀችለትና ሄደ። እንቢ አለች፣ ወላሂ። ለሁሉም ትወድቃለች።"

ያኔ ሐሳቤን ቆረጥኩ። ገብቼ እወድቅላታለሁ፣ እሷ ታሸንፋለች፣ ተነስታ ወደ ቤት ትሄዳለች። ከዚህ የቀለለ ነገር አልነበረም። እኔ እሷ ፊት መውደቅ ሠልጥኜበታለሁ፤ ልጅነቴን በሙሉ ሌላ ነገር አልሠራሁም።

ወደ ውስጥ ስገባ የለስላሳ ሳጥኖቹ ላይ ጢሞና ቀይ ቁምጣ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የቦክስ ጓንታቸውን ሳያወልቁ መዘውሩን ይዘዋል። ከኋላቸው የማላውቃቸው ቦክሰኞች ተሰልፈው ተራ ይጠብቃሉ፤ አንዳንዶቹ ከትምህርት ቤት ጠፍተው የመጡ ይመስሉ ነበር፣ ደብተራቸውን ጓንታቸው ውስጥ ደብቀዋል። ጢሞ ገና ሳይጠይቀኝ ሳንቲም አነሳና ጆሮዬ ውስጥ ከተተው። ምንም አልሆንኩም። ቀይ ቁምጣ ጠጋ ብሎ አየኝ።

"አይነሳም ይሄ" አለ። "አሮጌ ነው።"

"አቧራ ይዞት ነው" አለ ጢሞ። አንገቴን ይዞ ወደ አፉ አስጠጋኝና እፍ አለብኝ። የሃያ አምስት ዓመት አቧራ ከውስጤ ቦነነ። ከዚያ መልሶ ከተተኝ፤ መብራቱም በራ።

ሶስና በገመድ የታጠረ የቦክስ መድረክ መሐል ላይ ቆማ ነበር። የአስራ አምስት ዓመት ልጅ ናት፤ ፀጉሯ ሁለት ሹሩባ፣ የትምህርት ቤት ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራለች። የቦክስ ጓንቱ ለሷ ይሰፋታል። ከጓንቱ አፍ ላይ ግን ሆስፒታል ያሰሩላት የፕላስቲክ አምባር ብቅ ብሏል፤ ቀጫጭን ፊደል የታተመበት፣ በመቀስ ካልሆነ የማይወልቅ። እሱን እንዳላይ ብላ እጇን ከኋላዋ አደረገችው።

"አንተን ደግሞ ማን ጠራህ?" አለችኝ።

"ልወስድሽ ነው የመጣሁት። ምቺኝ።"

"ምታኝ አንተ።"

"ሶሲ፣ እማዬ ምሳ አቅርባለች። ሰው ሁሉ አንቺን እየጠበቀ ነው።"

ትንሽ አሰበች።

"ምንድን ነው የሠራችው?"

"ሩዝ።"

"ከሙዝ ጋር?"

"ከሙዝ ጋር።"

ዓይኗ ወደ በሩ ሄደ። አየሁት። ራብ ያለበት ሰው የሚያይበትን አስተያየት አየች። እኔም እሺ አለችኝ፣ አበቃ፣ ትመጣለች ብዬ ልቤ ሞቀ። ግን መልሳ ወደ እኔ ዞረች።

"የኔን ሙዝ አንተ ብላው" አለች።

ዳኛዋ መታወቂያዬን የበላችው ፍየል ነበረች። ጥቁር ክራቫት አስራ መጣችና ደወሉን በቀንዷ መታች። እንግዲህ እንደዚያ ያለ ቦክስ ዓለም አይቶ አያውቅም። ሁለታችንም ለመውደቅ ነው የምንጋጠመው። ጢሞ የኔን ቁልፍ ሲጫን እጄ ይወረወራል፤ እሷ ፊቷን ትሰጠኛለች፣ እኔ ደግሞ እጄን አየር ላይ አጣምሜ ከጆሮዋ አሳልፈዋለሁ። ቀይ ቁምጣ የሷን ሲጫን እኔ አገጬን አቀርባለሁ፤ እሷ ጓንቷን ከፍታ ጉንጬን ትዳብሰኛለች። ውጭ ያሉት ቦክሰኞች ሳጥኑን በቡጢ ይደበድቡ ጀመር። አንዱ ይሄ ቦክስ ነው ወይስ ሰላምታ እያለ ያላግጣል።

ለመውደቅ ሞከርኩ። ወለሉ ግን እንደ አዲስ ሶፋ ነው፤ ጀርባዬ ሲነካው መልሶ ያቆመኛል። እሷም ወደቀች፣ እሷንም አቆማት። እንደገና ወደቅኩ። እንደገና ወደቀች። አንድ ጊዜ አየር ላይ ተላለፍን፤ እኔ ስወርድ እሷ ስትወጣ ፊት ለፊት ተያየንና ሁለታችንም ሳቅን። ልክ የእናቴ አልጋ ላይ እንደዘለልንበት ዘመን። ሕልም መሆኑን አላወቅኩም፤ ቢሆንም ይህ ቶሎ እንዳያልቅ ለመንኩ። እኩል ከሆንን ማንም አይነሳም፣ ማንም አይቀርም። እንዲህ ስንወድቅና ስንነሳ ብንውል ምን ነበረበት?

ግን ቁልፍ የያዙት ሌሎች ናቸው። ጢሞ ተሰላቸ። ቶሎ ጨርሱ፣ ተራ የሚጠብቅ ሰው አለ ብሎ መስታወቱን አንኳኳ። ሶስናም ድካም ታየባት። ጎኗን ያዝ አደረገች፤ ያንን አያያዝ አውቀዋለሁ፣ ሆስፒታል ሳለች ማንም እንዳያይባት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የምትይዘው አያያዝ ነው። አሁን አልኩ። ወለሉ እንዳያነሳኝ ገመዱን በእግሬ ቆልፌ፣ በደረቴ እወድቃለሁ፣ መሬቱን እነክሳለሁ፣ ፍየሏ ቆጥራ እስክትጨርስ አልላቀቅም። ለሷ ምንም አላሳየሁም። ፊቴን እንኳ ወደ ሌላ አዞርኩ።

"ይሄ ሊወድቅ ነው" አለ ጢሞ ከውጭ። "ምላሱን ነከሰ።"

ሶስና ይህን ከሱ መስማት አላስፈለጋትም። እኔ አንድ ነገር ላደርግ ስል ምላሴን እንደምነክስ ከልጅነቴ ጀምሮ ታውቃለች። ለዚህ ነው አንድም ቀን አሸንፌያት የማላውቀው። እኔ ገና ጉልበቴን ሳጥፍ እሷ ወድቃለች። ገመዱን በሁለት እጇ ጨብጣ በደረቷ ተኝታለች፤ እኔ አስቤ የነበረውን እሷ ሠርታዋለች። ልወድቅ ስል የላይኛው ገመድ ብብቴ ሥር ገባና እንደ ልብስ አንጠልጥሎ አቆመኝ።

ፍየሏ መቁጠር ጀመረች። አንድ አለች፣ ሁለት አለች፣ ከዚያ ሦስትን በላቻት። አራትንም በላቻት። እየበላች ሄደች፤ ስትውጥ አንገቷ ላይ ቁጥሮቹ ሲወርዱ ይታዩ ነበር።

"ሶሲ፣ ተነሺ" አልኳት። "ይሄ ማጭበርበር ነው።"

ጉንጯን ወለሉ ላይ አስደግፋ ቀና ብላ አየችኝ።

"በመሸነፍም አትችለኝም" አለች። "ሂድ አሁን። ቤት ሰው አለ።"

"አስር" አለች ፍየሏ።

ደወሉ ተመታ። ቦክሰኞቹ ሁሉ ጮቤ ረገጡ። ጢሞ በመስታወቱ በኩል እጁን አስገብቶ የኔን እጅ ወደ ላይ አነሳ፤ ጢሙ በእንባ ርሶ ነበር። እጄን ለማውረድ ታገልኩ፣ አልለቀቀኝም። ወደ ውጭ ሲጎትተኝ ዞሬ አየሁ። ሶስና ተነስታ ጉልበቷን አራግፋ፣ አንድ የለስላሳ ሳጥን ደፍታ ተቀመጠችበት። ሹሩባዋን ወደ ኋላ ጣለች። ከዚያ በዚያ በድሮ ድምፅዋ፣ አብዶሽ ቤት በር ላይ ቆመው የሚገፋፉትን ልጆች ዝም ታሰኝበት በነበረው ድምፅ፣

"ተረኛ ማነው?" አለች።

የሆነ ሰው ከሥሬ የተኛሁበትን ፍራሽ ይስብ ነበር።

ዓይኔን ስከፍት ፀሐይ ፊቴ ላይ ወደቀችብኝ። ለቅሶ የተቀመጥንበት የእድሩ ድንኳን ከራሴ በላይ የለም። ግማሹ ወርዶ ተጠቅልሏል፣ ግማሹ በአንድ ቋሚ ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። የእድሩ ዳኛ አቶ ሽብሩ የፍራሹን ጫፍ ይዘው አጎንብሰው ቆመዋል። ስነቃባቸው ተሳቀቁ።

"ይቅር በለኝ ልጄ፣ ላስነሳህ አልፈለግኩም" አሉኝ። "ቀስ ብዬ ልስበው ነበር።"

ምን ሆነ ብዬ ጠየቅኩ። ለገሀሬ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ የባቡር ነጂ ስድስት ሰዓት ላይ አርፈዋል። እድሩ ሁለት ድንኳን ነበረው፤ አንዱን ባለፈው ወር ንፋስ ቀዶታል። ሰው ወደ ለገሀሬ መሄድ ጀምሯል፣ የሟች ቤተሰብ ግን ፀሐይ ላይ ነው። የኛ ድንኳን እስከ ማታ ድረስ እንዲቆይ ነበር የታሰበው። አቶ ሽብሩ ይህን ሁሉ የነገሩኝ ፍራሹን ሳይለቁ ነው።

አብዶሽ ትንሽ ራቅ ብሎ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሦስቱን ቀን ከዚያ አልተለየም። ሰባ ዓመት አልፎታል፣ በግራ ዓይኑ አያይም። ወንበሩን ሊወስዱ የመጡ ጎረምሶች ከአጠገቡ ቆመው እስኪነሳ ይጠብቃሉ፣ ለመጠየቅ አፍረዋል። እኔን አየኝ።

"ሳቅክ እኮ" አለኝ። "ተኝተህ። እናትህ ሰማች።"

"ምን አለች?"

"ምንም። ተዉት አለች።"

ተነሳሁ። አቶ ሽብሩ ፍራሹን ጠቀለሉት። በደንባችን ሐዘንተኛ ቤተሰብ የእድር ዕቃ አይነካም፤ ተው፣ አንተ አረፍ በል አሉኝ። እኔ ግን የተንጠለጠለውን ድንኳን አወረድኩና ቋሚውን ከመሬት ነቀልኩት።

ድንኳኑ አስር ሰዓት ላይ ለገሀሬ ተተከለ። ቋሚውን ተሸክሜ የሄድኩት እኔ ነኝ።